የጣሪያና ግድግዳ ግብር ጭማሪ ፍርድ ቤት የደረሰው ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባ የሚከፈለው የጣሪያና ግድግዳ ግብር መሠረቱ በደርግ ዘመን የወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። አዋጁ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ማግስት ነበር። መሬት ከገበያ በወጣበት በዚያ ዘመን ቤትን በመሸጫ ዋጋው ገምቶ ግብር መጣል የሚያስኬድ አልነበረም። ስለዚህ ሕጉ ሌላ መለኪያ ያዘ፦ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያስገኝ የሚችለውን ኪራይ። ባለቤቱ ያከራየውም ይሁን ራሱ ይኑርበት፣ ለቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ይወጣለታል። በዚህ ግምት ላይ ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 4.5 በመቶ የሚደርስ ምጣኔ ይሰላል፤ ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር ምጣኔውም ከፍ ይላል።

የጭማሪው ክርክር ቁልፍ ያለው እዚህ ስሌት ውስጥ ስለሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ዓመታዊ የኪራይ ግምቱ 6,000 ብር ተብሎ በመዝገብ የሰፈረ ቤት አለ እንበል። በጠቅላላው ግምት ላይ ከፍተኛው ምጣኔ ቢጣልበት እንኳ ግብሩ በዓመት ከ270 ብር አይበልጥም። ያው ቤት ዛሬ በወር 20,000 ብር ይከራያል ተብሎ ቢገመት ዓመታዊ ግምቱ 240,000 ብር ይሆናል፤ በዚያው 4.5 በመቶ ሲሰላም ግብሩ 10,800 ብር ይደርሳል። ከአዋጁ አንዲት ፊደል አልተነካችም። የሚከፈለው ገንዘብ ግን 40 እጥፍ ሆኗል።

ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆይ የብር የመግዛት አቅም ወርዷል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። በዚህ መካከል ግብሩ ስሙ ብቻ ቀረ። ብዙ ባለቤቶች የሚያስታውሱት ቤት ሊሸጡ፣ ስም ሊያዛውሩ ወይም ካርታቸውን ባንክ ሊያስይዙ ሲሉ ነው፤ ያኔ የዓመታት ውዝፍ ከነቅጣቱ ይቀርብላቸዋል። ከተማዋ በበኩሏ መንገድ የምትሠራውና ቆሻሻ የምታነሳው በዛሬ ዋጋ ነው። ስለዚህ ግምቱ መሻሻል ነበረበት ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ በዚህ ላይ ጭማሪውን ፍርድ ቤት ከወሰዱት ወገንም ብዙ የሚከራከር አይገኝም። ጥያቄው ማን ያሻሽለው፣ በምን ዓይነት ሰነድ፣ ማንን ጠይቆ የሚለው ነው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፋይናንስ ቢሮ በ2015 ዓ.ም. የኪራይ ግምቱን የሚያሻሽል ተመን ተግባራዊ እንዲሆን ሲያደርግ የከተማው ነዋሪ ጭማሪውን ያወቀው በአብዛኛው ክፍያ ሲጠየቅ ነበር። የአስተዳደሩ መከራከሪያ ግልጽ ነው፦ አዲስ ግብር አልተጣለም፣ አዋጁም ምጣኔውም የነበሩት ናቸው፣ የተስተካከለው ግምቱ ብቻ ነው። ይህ መከራከሪያ በሕግ ቋንቋ ሲታይ ከባድ ነው። አዋጅ ቁጥር 80/1968 ግምት የማውጣትን ሥራ ለአስፈጻሚው አካል የሰጠ በመሆኑ፣ ግምት ማደስ የአስፈጻሚው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ነጥብ ደግሞ ከላይ ካለው ስሌት ይወጣል። የግብር ሸክም የሚወሰነው ምጣኔና መሠረት ሲባዙ ነው። ምጣኔውን ለሕዝብ ተመራጮች ትቶ መሠረቱን በቢሮ ውሳኔ 40 እጥፍ ማሳደግ ከተቻለ፣ ግብርን በሕግ ብቻ የመጣል መርህ ባዶ ይሆናል። በከተማዋ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ሕግ የሚያወጣው የከተማዋ ምክር ቤት ነው፤ ቢሮዎች አስፈጻሚ ናቸው። መጠነኛ ማስተካከያ የቢሮ ሥራ ሊባል ይችላል። የዚህን ያህል ለውጥ ግን የቢሮ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

የሕገ መንግሥቱ ጉዳይም አለ። ሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 96 እስከ 98 የፌዴራሉን፣ የክልሎችንና የጋራ የሆነውን የግብር ሥልጣን ሲያከፋፍል የንብረት ታክስን በስም አልጠቀሰም። በስም ያልተጠቀሰ የግብር ሥልጣን በአንቀጽ 99 መሠረት የሚወሰነው የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች ተሰብስበው ሥልጣኑን ለክልሎች የሰጡት በ2015 ዓ.ም. ነው። ተመኑ የተሻሻለውም በዚያው ዓመት በመሆኑ ነዋሪው ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየቱ አይገርምም፤ በሕግ ዓይን ግን የተለያዩ ናቸው። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ከሕገ መንግሥቱ በፊት የነበረ ሲሆን፣ የንብረት ታክሱ የራሱ አዋጅ የሚያስፈልገው አዲስ ሥርዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ብዥታ ለክርክሩ መካረር የራሱን ድርሻ አበርክቷል።

ለፍርድ ቤት ከሁሉ የሚቀርበው መሣሪያ ግን ሕገ መንግሥቱ አይደለም። የአንድ አዋጅ ሕገ መንግሥታዊነት ሲያጠያይቅ የመጨረሻው ውሳኔ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩም በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ያልፋል። መደበኛ ፍርድ ቤት በሙሉ ሥልጣኑ የሚገባበት ቦታ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ይህ አዋጅ በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የተነገረለት ነው። የአስተዳደር ተቋም መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅ፣ አስተያየት መቀበል፣ የተሰጠውን አስተያየት ማየት፣ ከዚያም መመሪያውን በፍትሕ ሚኒስቴር ማስመዝገብና በድረ ገጽ ማውጣት አለበት። በዚህ መንገድ ያላለፈ መመሪያ አይጸናም። ሕጉ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮችንም ይመለከታል፤ የመመሪያና የአስተዳደር ውሳኔ ክለሳ የሚቀርበውም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

በተግባር ይህ ማለት በሺህ የሚቆጠሩ ባለቤቶችን የሚነካ ተመን በውስጥ ደብዳቤና በአባሪ ሰንጠረዥ ወደ ክፍለ ከተማ ከወረደ፣ ከይዘቱ በፊት አወጣጡ ይጠየቃል ማለት ነው። ስሙ ጥናት ይባል፣ ማሻሻያ ይባል ወይም ሰርኩላር፣ በጥቅሉ ሰውን የሚያስገድድ ደንብ ከሆነ ፍርድ ቤት እንደ መመሪያ ሊያየው ይችላል። አንድ ቢሮ «ይህ የውስጥ አሠራር ነው» ብሎ ከሥነ ሥርዓቱ እንዲያመልጥ ቢፈቀድ ኖሮ አዋጅ 1183 የወጣው ለከንቱ በሆነ ነበር።

እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ የተከሳሹ የመጀመሪያ መቃወሚያ ብዙ ጊዜ ከሳሹ ማን ነው የሚለው ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 33 ከሳሽ በክርክሩ ጉዳይ ላይ ጥቅም ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። በዚህ መለኪያ ብቻ ከተሄደ ሊከስ የሚችለው ግብሩ የተጨመረበት ግለሰብ ነው። ለ2,000 ወይም ለ5,000 ብር ጭማሪ ጠበቃ ይዞ ከከተማ አስተዳደር ጋር ዓመት የሚሟገት ጡረተኛ ደግሞ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ንዑስ አንቀጽ 2 በሩን ከዚህ ይልቅ ሰፋ ያደርገዋል፦ አባላቱን የሚወክል ማኅበር፣ ወይም ተመሳሳይ ጥቅም ያለውን ቡድን የሚወክል ሰው ፍትሕ መጠየቅ ይችላል። የአዲስ አበባውን ጉዳይ ወደ ችሎት የወሰዱት ተቃዋሚ ፓርቲዎች መሆናቸው ከዚህ አንጻር መታየት አለበት። ፖለቲካ አለበት፤ ግን ያለ ተቋም ከሳሽ እንዲህ ያለ ክስ ከጅምሩ መኖሩ ያጠራጥራል።

ከከሳሾቹ አንዱ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ፣ ኢዜማ፣ ነበር። ፓርቲው ይፋ እንዳደረገው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 ዓ.ም. የቢሮው ማሻሻያ ሕግን የተከተለ አይደለም ሲል ወስኗል። የአስተዳደር ተቋማትን ተግባር በፍርድ ቤት የማስመርመር ልማድ ገና እየዳኸ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚነካው ወሰን በጥንቃቄ መታየት አለበት፦ ግብሩን አያስቀርም፣ አዋጅ ቁጥር 80/1968ንም አይሽርም፤ የሚነካው ማሻሻያው የመጣበትን መንገድ ነው። ምክር ቤት ነገ ያንኑ ቁጥር በሕግ ቢያጸድቀው ይኸው መከራከሪያ ጉልበት ያጣል።

የሕንዷ ሙምባይ ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። ከተማዋ በ2010 እ.ኤ.አ. የንብረት ታክስን ከኪራይ ግምት አውጥታ በካፒታል ዋጋ ላይ ስትመሠርት ባለንብረቶች ከሰሱ። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 ሕጉን ትቶ አስተዳደሩ ለአፈጻጸም ካወጣቸው ደንቦች የተወሰኑትን ሻረ፤ ምክንያቱ ደንቦቹ ሕጉ ከፈቀደው በላይ ሄደዋል የሚል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2022 ይህንኑ አጸና። በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ደግሞ ጥያቄው የእኩልነት ነበር። ከተማዋ ለ2018 የግብር ዓመት የንግድ ሕንፃዎችን ብቻ ነጥላ እንደገና ስለገመተች፣ የፔንሲልቬንያ ሕገ መንግሥት ግብር ወጥ ይሁን የሚለውን ጥሳለች ተብሎ ተፈረደባትና ለከሳሾቹ ገንዘብ እንድትመልስ ታዘዘች።

የጀርመኑ ጉዳይ ተቃራኒውን ያሳያል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የመሬትና ቤት ግብሩን ሥርዓት ከእኩልነት ጋር የሚጋጭ ነው ያለው ግምቱ ስለተሻሻለ ሳይሆን ስላልተሻሻለ ነው። በምዕራቡ ክፍል የ1964፣ በምሥራቁ የ1935 እ.ኤ.አ. ግምት ይሠራበት ነበር፤ ተመሳሳይ ቤት ያላቸው ሰዎች የተለያየ ይከፍሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግብሩን በአንድ ጀምበር ቢያቆመው ማዘጋጃ ቤቶች ባዶ ካዝና ስለሚታቀፉ አዲስ ሕግ እንዲወጣ እስከ 2019 መጨረሻ፣ አዲሱ ግምት ተሠርቶ እንዲያልቅ ደግሞ እስከ 2024 መጨረሻ ጊዜ ሰጠ። ለአዲስ አበባ ትምህርት ካለው ይህ ነው፤ ግምትን ለአሥርት ዓመታት አስቀምጦ መተውም በራሱ የሕግ ጥያቄ ያስነሳል።

ማሻሻያው ሕገ ወጥ ነው ሲባል ወዲያው የሚመጣው ጥያቄ የተከፈለው ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያልተገባ ክፍያ የከፈለ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል በቁጥር 2164 ያስቀምጣል። ይህን ድንጋጌ በግብር ጉዳይ ላይ ለመጠቀም ግን ከፋዩ በራሱ ስም፣ በራሱ ደረሰኝ መጠየቅ ይኖርበታል። ተመኑን የሻረ ፍርድ ገንዘቡን ራሱ ወደ እያንዳንዱ ኪስ አይመልስም፤ አስተዳደሮችም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ጉዳዩ በዚህ አልቆመም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። አዋጁ ለመሬት የመጠቀም መብትና በላዩ ላለው ግንባታ ማዕቀፍ ያበጀ ሲሆን ዝርዝሩን ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ይተዋል። ቀጣዩ ክርክርም እዚህ ይጀምራል። ሥልጣኑ ለክልሎች ከተሰጠ የፌዴራሉ ምክር ቤት አዋጅ የማውጣት ሥልጣኑ እስከ የት ይደርሳል? አዲስ አበባ ክልል ሳትሆን በአንቀጽ 49 ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ለእርሷ መልሱ ከሌሎች ከተሞች ይቀላል፤ ለባሕር ዳር ወይም ለሐዋሳ ግን አይቀልም። ከዚህ በታች ያሉት የግምት ሰንጠረዦችና የአፈጻጸም መመሪያዎች ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አሁንም በአዋጅ 1183 ሥር ናቸው፤ ረቂቃቸው ለሕዝብ መቅረብ አለበት።

ለቤት ባለቤት በተግባር ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። ተመኑ ሕጋዊ ሆኖ የእርሱ ቤት ስፋት፣ ደረጃ ወይም አገልግሎት በስህተት ከተመዘገበ ቅሬታውን መጀመሪያ ለገመተው ተቋም በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ የተቋሙን ውስጣዊ የቅሬታ መንገድ ሳይጨርስ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው አቤቱታው ሊመለስበት ይችላል። ተቃውሞው ተመኑ ራሱ ላይ ከሆነ ደግሞ ቦታው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሁለቱም መንገድ ቀነ ገደብ አለ፤ በሁለቱም የሚጠየቀው የመጀመሪያ ማስረጃ የክፍያ ማስታወቂያውና ደረሰኙ ነው።