ከብራውዘሩ ጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት

ኮምፒውተርዎ ላይ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ካለ፣ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለመለማመድ ሌላ የሚጫን ነገር አያስፈልግዎትም። ባዶ ገጽ ይክፈቱ፤ ኤፍ12 የተባለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከሚመጣው መስኮት «ኮንሶል» የሚለውን ይምረጡ። አንድ መስመር ጽፈው ኢንተር ሲሉ መልሱ ከሥሩ ይመጣል። ቋንቋውን የሚያስኬደው ሞተር እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ልምምዱ አይቆምም።

ጃቫስክሪፕት ራሱ የተወለደው ለብራውዘር ነው። የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በሜይ 1995 የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀን ሠራው። መጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት ተባለ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነው። ጃቫ ከተባለው ቋንቋ ጋር ዝምድናው ከስም ብዙም አያልፍም።

የጀማሪ ልምምድ ሁሉ የሚዞረው በፈንክሽን ዙሪያ ነው። ፈንክሽን ወፍጮ ነው፤ እህል ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። አንዴ ከተተከለ ጤፍም ይምጣ ስንዴ ይፈጫል። የመጀመሪያው መልመጃም ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የሚደምር ፈንክሽን መጻፍ ነው። ብዙው ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ድምሩን በኮንሶል ሎግ ያሳየዋል፣ በሪተርን ግን አይመልሰውም። ውጤቱን በ2 ላባዛ ሲል «ናን» ይለዋል፤ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ወፍጮኛው ዱቄቱን በመስኮት አሳይቶት ጆንያውን አላስረከበውም።

ሁለተኛው መልመጃ ቁጥሮቹን ከተጠቃሚው መጠየቅ ነው። ለዚህ ብራውዘሩ ፕሮምፕት የምትባል ትንሽ የጥያቄ ሳጥን አለው። 5 እና 3 ያስገባ ሰው 8 ሲጠብቅ 53 ያገኛል። ፕሮምፕት የሚቀበለውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ስለሚይዝ፣ የመደመር ምልክቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አጣበቃቸው። ከመደመር በፊት ወደ ቁጥር መቀየር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጊዜን ይመለከታል። ሴት ታይምአውት ለተባለው ትእዛዝ አንድ ፈንክሽንና 3000 የሚል ቁጥር ሲሰጡት፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ ፈንክሽኑን ያስነሣዋል፤ ቁጥሩ የሚቆጠረው በሚሊሰከንድ ነው። ከፈንክሽኑ ስም ኋላ ቅንፍ የጨመረ ግን ወዲያውኑ ያስነሣዋል። ስሙ ብቻ ሲጻፍ ወፍጮውን ማመልከት ነው፤ ቅንፍ ሲጨመር ማስፈጨት።

አራተኛው ለእኛ የሚቀርብ ነው፤ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚናገር ፈንክሽን። ብራውዘሩ አቆጣጠራችንን ያውቀዋል። ቀንን በየአገሩ ልማድ ለሚጽፈው ትእዛዝ ቋንቋው አማርኛ፣ የዘመን አቆጣጠሩ «ኢትዮፒክ» መሆኑን መንገር ይበቃል፤ ጳጉሜን ጨምሮ 13ቱንም ወር ይቆጥራል። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025ን ለመፍጠር 2025፣ 9፣ 11 ብሎ የጻፈ ሰው መስከረም 1 ቀን 2018ን ሲጠብቅ ጥቅምት 1 ይወጣበታል። እንቁጣጣሽ አንድ ወር አለፈችው። ጃቫስክሪፕት ወርን የሚቆጥረው ከ0 ስለሆነ ሴፕቴምበር 8ኛ እንጂ 9ኛ አይደለም።

እነዚህ አራት ስሕተቶች ከቋንቋው ጠባይ የሚመጡ ስለሆኑ ጀማሪ ሁሉ ይገናኛቸዋል። ስለዚህ መልሱን ከማየትዎ በፊት ምን እንደሚመጣ ይገምቱ፤ ግምትዎና መልሱ ሲለያዩ ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉ። ፈንክሽኑንም በልዩ ልዩ እህል ይፈትኑት፤ ዜሮ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ ባዶ ጽሑፍ ይስጡት።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። በኮንሶል የሚጻፍ ትእዛዝ በተከፈተው ገጽ ላይ የእርስዎን ያህል ሥልጣን አለው። ማኅበራዊ ገጽዎን ወይም ኢሜይልዎን ከፍተው፣ የማያውቁት ሰው የላከልዎትን ኮድ ከለጠፉበት፣ ሰውየው መለያዎን ሊወስድ ይችላል። ለዚህም ነው ክሮምና ፋየርፎክስ ኮድ ሲለጠፍ አስቀድመው የሚያስጠነቅቁት። ልምምድዎን በባዶ ገጽ ያድርጉ፤ እያንዳንዱን መስመር ገልብጠው ከመለጠፍ በእጅዎ ይጻፉ።