በለስን የበላው ቀይ ቀለም

በምሥራቅና በደቡብ ትግራይ ክረምት ሲገባ ጎተራው ይራቆታል፤ አዲሱ እህል ገና ቡቃያ ነው። በለስ የሚበስለው ታዲያ ያን ጊዜ ነው። ልጆች ፍሬውን ሣር ላይ እያንከባለሉ ረቂቅ እሾሁን ያራግፉና ልጠው ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ቅጠል የምንለው ወፍራሙ አካሉ (ግንዱ ነው እንጂ ቅጠል አይደለም) እሾሁ በእሳት ተለብልቦ ለከብት ይቀርባል። ተክሉ ራሱ የጓሮ አጥር ነው። ከሜክሲኮ ምድር የተገኘ መሆኑ እስኪረሳ ድረስ ያገር ልጅ ሆኗል።

ድርቅን የሚችለው በአተነፋፈሱ ነው። አብዛኛው ተክል ቀን አየር ሲስብ ውኃው በፀሐይ ይተናል። በለስ ግን ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል።

ይህን ብርቱ ተክል የጣለው ድርቅ ሳይሆን ሰው ያመጣው ተባይ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ኮችኒል የሚባለው ይህ ተባይ፣ ከገላው ለሚወጣው ቀይ ቀለም ንግድ ተብሎ ትግራይ ገባ። ሜክሲኮዎች ለዘመናት ያረቡትና የሸጡት ስለሆነ ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ኮችኒል በየጊዜው ካልተለቀመ ተክሉን መጥጦ ያደርቀዋል፤ ጫጩቶቹንም ነፋስ ወደ ጎረቤት ጓሮ ያደርሳቸዋል። በራያ አዘቦና በአካባቢው የሆነው ይኸው ነው፤ ለቀለሙ አንድም ሳንቲም ያላገኘ ገበሬ አጥሩንም የክረምት ምግቡንም አጣ።

ማስጠንቀቂያው ደግሞ ቀድሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ ማዳጋስካር የገባ ኮችኒል በአንድሮይ ደረቅ ምድር ሰውና ከብት የኖሩበትን ቁልቋል ጨረሰው፤ ረኀብም ተከተለ። ያን ታሪክ ያየ ሰው ባለጓሮዎቹን ሳያማክር ተባዩን ማስገባት አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ።

አሁንም በለስን መልሶ መትከል ይቻላል፤ አተካከሉም ቀላል ነው። ከንጹሕ ተክል ደርጀት ያለ ቅጠል ይቆረጥና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይቀመጣል። ከዚያ ውኃ በማይቋጥር አፈር ሲሶው ተቀብሮ ይቆማል። ወዲያው ውኃ ማጠጣት ያበሰብሰዋል። ተባዩን የሚቋቋሙ ዝርያዎችም አሉ፤ በምርምር ማሳ ከመቅረት ይልቅ ያለ ክፍያ ገበሬው ደጅ መድረስ አለባቸው።

ባለቤቱ ደግሞ በየሳምንቱ ጓሮውን ይዙር። ቅጠሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካየ በጣቱ ይጨፍልቀው። ደም የመሰለ ቀለም ከወጣ ያን ቅጠል ቆርጦ በዚያው ቀን በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበረው፤ ለጎረቤቱም ይንገር።