የጁባ ዳታቤዝ ዋጋ፦ ከጄኔሬተር ዘመን እስከ ስታርሊንክ

እ.ኤ.አ. በ2005 የሱዳን ሰሜንና ደቡብ የሰላም ስምምነት ተፈርሞ ጁባ የደቡቡ መንግሥት መቀመጫ ስትሆን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የገቡ ነጋዴዎች ሆቴልና ምግብ ቤት ከፈቱ፣ የውኃ ቦቴ አሰማሩ። ሒሳቡ በደረሰኝ ጥራዝ ይያዝ ነበር፤ ከፍ ሲል በኤክሴል ወይም በአክሰስ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር። ፒችትሪው በፍላሽ ተገልብጦ ስለሚመጣ ላይሰንስ የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ያለ ሰውም መንገዱ ጠባብ ነበር። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችውን ማዕቀብ ለደቡቡ ያላላችው በጥቅምት 2006 ቢሆንም፣ በሻጭ ድርጅቶች መዝገብ ላይ አገሩ ገና «ሱዳን» ነበር። በጥር 2010 ሶርስፎርጅ ለሱዳን ተጠቃሚዎች በሩን ሲዘጋ፣ ነፃ ሶፍትዌር እንኳ የሚወርድበት አንዱ ትልቅ መደብር ተዘጋ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ነፃ ምርጫ ራሱ ለጁባ አልተመቸም። ከተማዋ የምትኖረው በጄኔሬተር ነበር፤ ናፍጣ ሲያልቅ መብራቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ነፃው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል በነባሪነት ይጠቀምበት የነበረው ማይአይሳም የተባለው አሠራር ደግሞ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ሠንጠረዡን አበላሽቶ ይተዋል። በኔትወርክ የተጋሩት የአክሰስ ፋይልም ያው ነው፤ መጠኑም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። በዚያን ጊዜ ሌላው ነፃ ዳታቤዝ ፖስትግሬስኪውኤል ለውጡን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚጽፍ ለጄኔሬተር ከተማ ይሻል ነበር፤ የሚያውቀው ባለሙያ ግን በጁባ እንደ ልብ አይገኝም።

ነገሩ የተገለበጠው ልክ በደቡብ ሱዳን ነፃነት ዋዜማ ነው። በ2010 መጀመሪያ ኦራክል ሰን የተባለውን ኩባንያ ሲገዛ ማይኤስኪውኤልም አብሮ እጁ ገባ፤ መሥራቹ ሞንቲ ዊደኒየስ ቀደም ብሎ በማሪያዲቢ መንገዱን ለይቶ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ማይኤስኪውኤል 5.5 በማይአይሳም ፋንታ ኢኖዲቢ የተባለውን አሠራር ነባሪ አደረገ፤ መብራት ሲጠፋ የነበረው ስጋት አብዛኛው ቀለለ። ማይክሮሶፍትም ነፃውን ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ከ4 ወደ 10 ጊጋባይት አሳደገው። አሥር ጊጋባይት ምን ያህል ነው? አንድ የሽያጭ መስመር ከማውጫው ጋር 500 ባይት ቢወስድ 20 ሚሊዮን መስመር ይይዛል፤ በቀን 2,000 መስመር ለሚመዘግብ ሱቅ 27 ዓመት ነው። የደረሰኝ ፎቶ እዚያው ውስጥ ከተከተተ ግን በወራት ይሞላል፤ ፎቶው በፎልደር፣ አድራሻው ብቻ በዳታቤዝ መቀመጥ አለበት።

ላይሰንስ ለገዙት ትልቁ ዱላ ከገበያው መጣ። በታኅሣሥ 2015 መንግሥት የፓውንዱን ምንዛሪ ሲለቀው ዶላር ከ2.96 ወደ 18.5 ፓውንድ ገደማ ዘለለ። በወቅቱ የኤስኪውኤል ሰርቨር ስታንዳርድ ሰርቨሩ ወደ 900 ዶላር፣ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፈቃድ ወደ 210 ነበር። ለ10 ሰው 3,000 ዶላር። በዋዜማው 8,880 ፓውንድ የነበረው በማግሥቱ 55,500 ሆነ፤ ሱቁ ግን የሚሸጠው በፓውንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ገቢው በፓውንድ የሆነ ድርጅት በዶላር የሚታደስ ውል ሲፈርም ባየሁ ቁጥር ግራ ይገባኛል።

መክፈል ግድ ከሆነ አቆጣጠሩን ማወቅ ይበጃል። የኤስኪውኤል ሰርቨር ፈቃድ በሰው ወይም በመሣሪያ ይቆጠራል። የሆቴል እንግዳ መቀበያ ሦስት ሠራተኞች በፈረቃ በአንድ ኮምፒውተር የሚሠሩበት ከሆነ፣ በሰው 3፣ በመሣሪያ 1 ነው። በኮር የሚገዛው ደግሞ ቢያንስ 4 ኮር ያስከፍላል፤ በርካታ ተጠቃሚ ለሌለው ሱቅ አያዋጣም። ኦራክል ኢንተርፕራይዝ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ለአንድ ፕሮሰሰር 47,500 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ 22 በመቶ የድጋፍ ክፍያ ይታከልበታል። ይህ የባንክ ዕቃ ነው። በ2009 ጁባ ቅርንጫፍ የከፈተው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዓይነት ተቋም የዳታቤዝ ሞተሩን የሚመርጠው በዋናው የባንክ ሶፍትዌር ነው፤ ሱቅ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው፣ የደቡብ ሱዳን ጤና መረጃ የሚሰበሰብበት ሥርዓት እንኳ በነፃው ፖስትግሬስኪውኤል ላይ ነው የቆመው።

በሐምሌ 2016 ጁባ በውጊያ ስትታመስ ብዙ መጋዘን ተዘረፈ። በአንድ ክፍል የተቀመጠ ሰርቨርና ጎኑ የተቀመጠ ቅጂው አብረው ይሄዳሉ። በ2019 ኢዝራ የተባለው ኩባንያ የ33 ሜጋዋት ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ በ2020 መጀመሪያ ከኡጋንዳ ድንበር የተዘረጋው ፋይበር ጁባ ደረሰ፤ በ2024 የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክ ተከተለ። አሁን ክላውድ ሻጩ ሁሉ በር ያንኳኳል። የእኔ አቋም፦ ዋናው ዳታ በጁባ፣ በየሌሊቱ የሚወጣው ቅጂ ውጭ አገር ይቀመጥ። ፋይበሩ ሲቋረጥ ካሸሩ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

ኤክስፕረስን የመረጠ አንድ ነገር ይወቅ፤ ቅጂውን በሰዓቱ የሚያወጣው ኤጀንት የለውም፣ በዊንዶውስ የጊዜ መርሐ ግብር ማዘዝ ያስፈልጋል። ሌላው ጣጣ የይለፍ ቃሉ ነው። የካሽ ሬጂስተር ሶፍትዌር ሻጩ ተክሎ ሲሄድ የዋናውን ተጠቃሚ ይለፍ ቃል ለራሱ ይይዛል፤ ባለቤቱ ሻጩን ሊቀይር ሲነሳ የገዛ ዳታውን ለመክፈት ሌላ ክፍያ ይጠየቃል። ውሉ ላይ ይለፍ ቃሉ ለባለቤቱ እንዲሰጥ ይጻፍ፤ ቀሪው ክፍያም ከዚያ በኋላ ይከፈል።