መድፉ ወዴት ዞረ?

በማሊያ ህትመት ሥራ ትልቁ ጠላት ግራና ቀኝ ነው። በሙቀት የሚለጠፈው ፕላስቲክ እንደ ማኅተም ነው፤ ተገልብጦ ካልተቆረጠ ቀንቶ አይወጣም። ፊደል ያለበት ከሆነ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። ፊደል ከሌለው ግን ደንበኛው ከፍሎ፣ ለብሶ፣ ተጫውቶበትም ላያውቀው ይችላል።

ከአበርገሌ ኒሯቅ የመጡ ልጆች ዐሥራ አንድ ቀይ ማሊያ ተሸክመው ሰቆጣ ሱቄ ድረስ መጡ። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን ሙሉ አርማውን ትቶ ደረቱ ላይ መድፉን ብቻ አድርጎ ነበርና፣ የእነሱም እንደዚያ እንዲሆንላቸው ፈለጉ። መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ ስጣደፍ መገልበጡን ረሳሁት። ያየሁት ስድስተኛውን ከማሽኑ ሳነሳ ነው። ስድስቱም መድፎች አፋቸውን ወደ ግራ አዙረዋል። አንዱን በጥፍሬ ልልጠው ሞከርኩ፤ ሙጫው ጨርቁ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ትቶ ቀረ።

አብረዋቸው የመጡት መምህር አንዱን ብድግ አድርገው አዩና፣ «ይሄማ የአርሰናሉ አጥቂ የኢያን ራይት ጊዜው ነው» አሉ።

ነፍሴ መለስ አለች። ደግሞም ልክ ናቸው። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1886 የመሠረቱት ዉሊች የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ «መድፈኞቹ» መባሉም ከዚያው የመጣ ነው። በ1888ቱ አርማ ላይ ሦስት መድፎች አፋቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ቆመዋል፤ ለማያውቅ ሰው የጭስ ማውጫ ነው የሚመስሉት። በ1922 አንድ መድፍ ብቻ ቀረና ወደ ቀኝ ዞረ። በ1925 ወደ ግራ። ሰባ ሰባት ዓመት እንደዚያው ከርሞ በ2002 እንደገና ወደ ቀኝ።

የ2002ቱ ለውጥ ብዙ ደጋፊ አስቆጥቷል። ክለቡ ግን ምክንያት ነበረው፤ የቀድሞውን አርማ በባለቤትነት ማስመዝገብ ስላልቻለ የገለበጠ ሁሉ ይሸጠው ነበር። የገለበጠ ሁሉ ማለት እንግዲህ የእኔ ቢጤ ነው፤ እየገለበጠ መገልበጥ የሚረሳው።

የእኛዎቹ ፈረሰኞች በዚህ በኩል ታድለዋል። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ምልክት «ቪ»፣ ተገለበጠች አልተገለበጠች ያው «ቪ» ናት።

የቀሩትን አምስት ማሊያዎች ሆን ብዬ ወደ ግራ አተምኳቸው። ልጆቹም የኢያን ራይትን ስም ከሰሙ ወዲህ ሌላ አልፈለጉም። ሲወጡ ግን አንደኛው በር ላይ ቆም አለና፣ «ጋሼ፣ የሰው መድፍ ከምንሸከም ለምን የራሳችንን አርማ አትሥልልንም?» አለኝ።

«ምን ላድርግበት?»

«ፍየል ነዋ!»

እውነት ነው፤ አበርገሌ ተብሎ ከፍየል ሌላ ምን ይሣላል። በረኛቸው ግን ዲያቆን ነው፤ ሳቀና «ፍየል የሚቆመው በግራ ነው» አለ፣ ወንጌሉን ማለቱ ነው። እኔም የጀርመኑን ክለብ ኮሎኝን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1950 ከአንድ ሰርከስ ፍየል በስጦታ አግኝቶ፣ ዛሬም አርማው ላይ ወጠጤ አለ። ዲያቆኑ አልተዋጠለትም። ወዴት ዞሮ ይሣል በሚለው ላይ ክርክሩ ጦፈ፤ ቀኝ የሚል አለ፣ ወደ ተከዜ የሚል አለ።

ያን ማታ መብራት ስለሌለ በእርሳስ ሣልኩት። ቀዩ የአበርገሌ ወጠጤ፣ ጥምዝ ቀንዶቹ እኩል ተከፍተው፣ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደሚያየው ሰው። ግራ የለው፣ ቀኝ የለው። መገልበጡን ብረሳም ያው ነው።