ሳይነካ የሚተው እንግዴ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1582 በፈረንሳይዋ ሳንስ ከተማ ኮሎምብ ሻትሪ የምትባል የ68 ዓመት ሴት ሞተች። ከ28 ዓመት በፊት አርግዛ ምጥ መጥቶባት ነበር፤ ልጁ ግን አልተወለደም። አስከሬኗ ሲከፈት ሆዷ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጽንስ ተገኘ። ሰውነት ሊያስወጣው ያልቻለውን የሞተ ጽንስ አንዳንዴ በካልሲየም ይለብጠዋል። እንዲህ ያለው የድንጋይ ጽንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሆድ ዕቃ እርግዝና ነው።

ከማህፀን ውጭ ከሚፈጠሩ እርግዝናዎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት የማህፀን ቱቦ ውስጥ ይቀራሉ፤ አንዱ ገደማ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያድጋል። የዚህም መነሻው ብዙውን ጊዜ ያው ቱቦ ነው። ቱቦው ሲፈነዳ ወይም ጽንሱን በጫፉ ሲተፋው፣ ጽንሱ አንጀት ላይ፣ ሞራ ላይ፣ አልፎ አልፎም ጉበት ላይ ይጣበቅና ደም ካገኘበት ሥር ይሰዳል።

ይህን እርግዝና ለማወቅ ከምርመራ መሣሪያው በፊት እናቲቱ የምትናገረው አለ። ሆዷን ያለማቋረጥ ያማታል፤ ጽንሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሕመሙ ይብሳል። «እርግዝና መቼም ያማል» ተብላ ከተመለሰች ትልቅ ዕድል አመለጠ። ምጥ ማስጀመሪያ መድኃኒት ተደጋግሞ ተሰጥቶ ምጡ እንቢ ካለም የሆድ ዕቃ እርግዝና ሊጠረጠር ይገባል።

አልትራሳውንድም ያታልላል። የልብ ምት ታየ፣ ጭንቅላቱ ተለካ፣ ደህና ነው ተባለ። መጠየቅ ያለበት ግን ጽንሱ ምን ውስጥ ነው የሚለው ነው። በጽንሱና በእናቲቱ የሽንት ፊኛ መካከል የማህፀን ጡንቻ ከሌለ፣ ማህፀኑም ለብቻው ባዶውን ከታየ፣ ምልክቱ ጠንካራ ነው። ኤምአርአይ ደግሞ እንግዴ ልጁ የት እንደተጣበቀ ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል።

ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተገኘ እርግዝና ብዙ ጊዜ በካሜራ በሚታገዝ ቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል። ከገፋ በኋላ ግን ከባዱ ጥያቄ እንግዴ ልጁ ነው። በወትሮው ወሊድ እንግዴ ልጅ ሲላቀቅ የማህፀን ጡንቻ ተኮማትሮ የተከፈቱትን የደም ሥሮች አንቆ ይዘጋቸዋል። አንጀትም ሆነ ሞራ እንዲህ የሚያንቅ ጡንቻ የለውም። በችኮላ የሳበ እጅ ሊያቆመው የማይችለውን ደም ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሆድ ዕቃ እርግዝና የሞት አደጋ ከቱቦው እርግዝና 7.7 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ስለዚህ በቂ ደም ይዘጋጃል፣ ሆዷ ይከፈታል፣ ልጁ ይወጣል፣ እትብቱ እንግዴ ልጁ አጠገብ ታስሮ ይቆረጣል። ደም የሚመግቡት ሥሮች በደህና ሊታሰሩ ካልቻሉ እንግዴ ልጁ እዚያው ይተዋል። ቶሎ እንዲሟሽሽ ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት መስጠትን ብዙ ሐኪሞች አይደግፉም፤ በአንዴ የሞተ ሥጋ ለኢንፌክሽን ይመቻልና። ክትትሉ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ለወራት ይቀጥላል።

እናቲቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሆዷ ውስጥ የቀረው ነገር በግልጽ ሊነገራት፣ ወረቀቷም ላይ ሊጻፍላት ይገባል፤ በሌላ ጊዜ ሆዷን የሚዳብስ ሐኪም ዕጢ መስሎት ምላጭ እንዳያነሳ።