ፅንስ ደጋግሞ ሲጨናገፍ፦ ስለ ፅንስ ምርመራ ማወቅ የሚገባን



ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በስልክ የሚያወሩት አንድ ነገር በእናቶች ዘንድ ጥያቄ ሆኗል። «ፅንሱ ማህፀን ሳይገባ በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ጤነኛው ተመርጦ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ አያስወርድም» ይባላል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ፅንስ የጨነገፈባት እናት ይህን ስትሰማ ተስፋ ብታደርግ አያስደንቅም። ወርቋን ለመሸጥ ወይም ከዘመድ ገንዘብ ለመለመን ብታስብም አይፈረድባትም። ስለሆነም በዚህ የጤና ዓምድ ምርመራው ምን እንደሆነ፣ የሚረዳው ለማን እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚሁ ባለንበት ሆነን ምን ማድረግ እንደምንችል እናብራራለን።

የፅንስ መጨናገፍ ምንድን ነው?

ፅንስ ከማህፀን ውጭ ለመኖር ከመድረሱ በፊት በራሱ ጊዜ ሲወርድ የፅንስ መጨናገፍ ይባላል። በተለምዶ «አስወረዳት» የምንለው ይህንኑ ነው። ሆን ተብሎ ከሚደረገው ውርጃ ጋር መምታታት የለበትም።

እርግዝናቸው ከታወቀ 100 ሴቶች መካከል 15 ያህሉ ይህ ይደርስባቸዋል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚደርስባቸው ግን ከ100 ባልና ሚስት 1 ያህል ናቸው። ሐኪሞች ቀደም ሲል ሦስተኛውን ይጠብቁ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ከሁለተኛው በኋላ ምክንያቱን መፈለግ ይጀምራሉ።

ጥፋቱ የማን ነው?

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም «ሾተላይ አለባት»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «አምሮቷ ሳይወጣላት ቀርቶ ነው» ይባላል። ከዚህ አልፎ ሚስቱን የሚፈታ ባልም አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

በሰው አካል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል በአብዛኛው 46 ክሮሞሶሞች አሉት። ክሮሞሶም ማለት ከወላጆች የምንወርሰው መመሪያ የተከማቸበት ቀጭን ክር ነው። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት ይመጣሉ። እንቁላሉ ወይም የወንዱ ዘር ሲዘጋጅ ግን አንድ ክሮሞሶም ሊተርፍ ወይም ሊጎድል ይችላል። ያን ጊዜ ፅንሱ 47 ወይም 45 ይዞ ይጀምራል፤ እንዲህ ያለው ፅንስ ደግሞ በአብዛኛው ማደግ ስለማይችል ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨናገፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በዚህ ምክንያት የሚወርዱ ናቸው።

ይህ ስህተት የሚፈጠረው በአጋጣሚ ነው። እናቲቱ ውኃ በመቅዳቷ፣ በመደንገጧ ወይም ከባልዋ ጋር በመተኛቷ የመጣ አይደለም። የእናት ዕድሜ ሲጨምር ግን ስህተቱ ይበዛል። በኖርዌይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት መሠረት ከ25 እስከ 29 ዓመት ካሉ ነፍሰ ጡሮች ከ10 አንዷ፣ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ግን ከግማሽ የሚበልጡት ፅንሱ ይጨነግፍባቸዋል።

የፅንስ ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ምርመራው የሚደረገው ፅንሱ ከማህፀን ውጭ እንዲፈጠር ከተደረገ ብቻ ነው። በተለምዶ «የቴስት ቲዩብ ሕፃን» የሚባለው ሕክምና ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ተወለደች። በ1990 ደግሞ እነ አላን ሃንዲሳይድ ለንደን በሚገኘው ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ከፅንስ ላይ ሴል ወስደው በመመርመር የመጀመሪያዎቹን እርግዝናዎች አስገኙ። የዚያን ጊዜ ዓላማ መጨናገፍን መከላከል አልነበረም፤ ወንዶች ልጆችን የሚያጠቃ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸውን ቤተሰቦች መርዳት ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሴትዮዋ ብዙ እንቁላሎች እንዲበስሉላት ለ10 ቀናት ያህል የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። ከዚያም እንቁላሎቹ በመርፌ ተቀድተው ይወጡና በላቦራቶሪ ከባልዋ ዘር ጋር ይገናኛሉ። የተፈጠሩት ፅንሶች 5 ወይም 6 ቀን ሲሆናቸው ከእያንዳንዱ ጥቂት ሴሎች ይወሰዳሉ። ሴሎቹ የሚወሰዱት ወደፊት የእንግዴ ልጅ ከሚሆነው ክፍል እንጂ ሕፃኑ ከሚሆነው ክፍል አይደለም። ውጤቱ እስኪመጣ ፅንሶቹ በበረዶ ይቆያሉ፤ በመጨረሻም የክሮሞሶም ቁጥሩ ትክክል የሆነው ማህፀን ውስጥ ይገባል።

ለማን ይረዳል? ለማን አይረዳም?

ምርመራው በግልጽ የሚረዳቸው ሁለት ዓይነት ቤተሰቦች ናቸው።

አንደኛ፣ በቤተሰባቸው የታወቀ ከባድ የዘር በሽታ ያለባቸው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ከባልና ሚስት አንዱ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የክሮሞሶሞቹ ቁራጮች ቦታ የተለዋወጡበት ከሆነ ነው። ፅንስ ደጋግሞ ከሚጨናገፍባቸው 100 ባልና ሚስት ከ2 እስከ 5 ያህሉ እንዲህ ናቸው። ይህ የሚታወቀው ከሁለቱም በሚወሰድ የደም ምርመራ ነው። የፅንስ ምርመራው ለእነዚህ መጨናገፉን ሊቀንስላቸው ይችላል። ሆኖም ከእነርሱም ብዙዎቹ ያለ ምርመራው በተፈጥሮ መንገድ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ።

ከእነዚህ ውጭ ላሉት ግን ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። ምርመራው ያሉትን ፅንሶች ይለያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም፤ አዲስ ፅንስም አይጨምርም። ሁሉም ፅንሶች ችግር ቢገኝባቸው የሚገባ ነገር የለም። አንዳንድ ጊዜም የተወሰዱት ጥቂት ሴሎች የሚያሳዩት ከሌላው የፅንሱ ክፍል ጋር ላይስማማ ይችላል።

በቻይና ልጅ ለመውለድ በተቸገሩ 1,212 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2021 የታተመ ጥናት ይህን ያሳያል። ፅንሱ ከተመረመረላቸው ሴቶች መካከል ልጅ የወለዱት 77 ከመቶ ሲሆኑ፣ ካልተመረመረላቸው ደግሞ 82 ከመቶ ነበሩ። በተመረመረላቸው ዘንድ መጨናገፉ በመጠኑ ቢቀንስም የወለዱት ሰዎች አልበዙም። እነዚህ ሴቶች ፅንስ ደጋግሞ የሚጨናገፍባቸው ተብለው የተመረጡ አልነበሩም። ለእነዚያም ቢሆን ምርመራው የሚወልዱትን እንደሚያበዛ እስካሁን በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም።

ወጪውም መታሰብ አለበት። ሕክምናው በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ሲሆን፣ ለስደተኞች በካምፕ የሚሰጠው ሕክምና በአብዛኛው አይሸፍነውም። በእስራኤል ያለች እህታችሁ አድርጋው ከሆነ፣ እዚያ ከማህፀን ውጭ የሚደረገውን ፅንሰት መንግሥት እስከ ሁለተኛ ልጅ ድረስ ስለሚከፍል ነው። በሌላ አገር ከኪስ ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ አንዲት እናት ርካሽና ቀላል የሆኑትን ምርመራዎች ሳታደርግ ለዚህ ብላ ንብረቷን ብትሸጥ ትጎዳለች።

እዚሁ ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶች ያን ያህል ወጪ አይጠይቁም። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የጨነገፈባት እናት፣ ከተቻለ ከባልዋ ጋር፣ ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት ወደ ክሊኒክ ሄዳ የሚከተሉትን ትጠይቅ።

1. ወባ። በእርግዝና ጊዜ ወባ ፅንስ ያስወርዳል። ሁልጊዜ አጎበር ውስጥ መተኛት፣ ትኩሳት ሲኖር በዚያው ቀን መመርመር ያስፈልጋል።

2. ቂጥኝ። ምልክት ሳያሳይ በደም ውስጥ ቆይቶ ፅንስን ይገድላል። በጣት ደም ይታወቃል፤ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ባልም አብሮ መታከም አለበት።

3. ያልተፈላ ወተት። የፍየል፣ የላም ወይም የግመል ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ ይህም ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ወተት ይፈላ።

4. የስኳር በሽታና የታይሮይድ ዕጢ ችግር። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ በመድኃኒትም ይስተካከላሉ።

5. የደም መርጋት የሚያመጣ ችግር። የእናቲቱ ሰውነት ደምን የሚያረጋ ነገር ሲያመነጭ ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደም ይታወካል። ይህ ከተረጋገጠ በአስፕሪንና በሄፓሪን ይታከማል። ሐኪም ሳያዝ ግን አስፕሪን መጀመር አይገባም።

6. የማህፀን በር መላላት። ፅንሱ ከሦስት ወር በኋላ፣ ያለ ብዙ ምጥ ከወረደ ይህ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው እርግዝና የማህፀኑን በር በክር ማሰር ይረዳል።

7. የደም ዓይነት። «ሾተላይ» ከሚባለው ውስጥ አንዱ ይህ ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የሚቀጥለውን ልጅ ደም ሊያጠቃ ይችላል። ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይከላከለዋል። ስለዚህ የደም ዓይነታችሁን እወቁ፤ በካርዳችሁም ይጻፍ።

በተጨማሪም ሲጋራና መጠጥ መተው ይጠቅማል። በእርግዝና መጀመሪያ ደም የታያት፣ ከዚህ በፊትም የጨነገፈባት እናት ስለ ፕሮጄስትሮን መድኃኒት ሐኪም ታማክር። በእንግሊዝ አገር በ2019 በታተመ ጥናት፣ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨነገፈባቸው መካከል ይህን የወሰዱት 72 ከመቶ፣ ያልወሰዱት ደግሞ 57 ከመቶ ወልደዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ራስን መሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ካልተገኘስ?

ከግማሽ ያህሉ ባልና ሚስት ምንም ምክንያት አይገኝም። ይህ ግን ክፉ ዜና አይደለም። በ1999 በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ደጋግሞ ከጨነገፈባቸውና እንደገና ካረገዙ ሴቶች መካከል፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየታዩና እየተበረታቱ፣ ከ4 ሦስቱ እርግዝናቸው ተሳክቶላቸዋል። የፅንስ ምርመራም ሆነ ልዩ መድኃኒት አልተደረገላቸውም።

ስለዚህ ባሎች፣ አማቾችና ጎረቤቶች ሆይ፣ ፅንስ የጨነገፈባት ሴት ሐዘንተኛ ናት። ለሐዘንተኛ እንደምናደርገው ቡና አፍልተን አጠገቧ እንቀመጥ፤ ውኃዋን እንቅዳላት፤ «ምን አድርገሽ ነው?» ብለን አንጠይቃት። ባልም ሚስቱን ከመውቀስ ይልቅ አብሯት ወደ ክሊኒክ ይሂድ፤ ደሙም አብሮ ይመርመር።