ላገር ቢራ፦ ከቲቤት እርሾ እስከ ኮምቦልቻ ጠመቃ

ላገር በቅዝቃዜ የሚብላላ ቢራ ነው። ሙቀቱ ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እርሾው የብቅሉን ስኳር ቀስ እያለ ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ ቢራው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ተቀምጦ ይጠራል።

በሐይቅና በአምባሰል ቤቶች የሚጠመቀው ጠላ መንገዱ ሌላ ነው። ቅዝቃዜ አያስፈልገውም፤ እርሾውም ከጌሾውና ከጋኑ ይመጣል። ስለዚህ ኮምጠጥ ይላል፣ ጋኑ በወይራ ከታጠነም ጭስ ጭስ ይሸታል። ላገር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አፍ ላይ የሚቀረው የብቅል ጣፋጭነትና ቢራን የሚያመርረው ተክል፣ የሆፕስ፣ ምሬት ብቻ ነው። ጥራቱ ይህ ቢሆንም ፈተናውም ይኸው ነው፤ ትንሿ ጉድለት መደበቂያ አታገኝም። ቅቤ ቅቤ የሚል ላገር፣ ለምሳሌ፣ ብዙውን ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የወጣ ነው።

የላገር እርሾ ራሱ ድቅል ነው። አንዱ ወላጁ ዳቦና ጠላ የሚያብላላው የተለመደው እርሾ ነው። ቅዝቃዜ የሚችለው ሌላው ወላጅ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ አይታወቅም ነበር። በዚያ ዓመት በአርጀንቲና ፓታጎንያ ጫካዎች ተገኘ፤ በ2014 ደግሞ ለላገር ይበልጥ የሚቀርብ ዘመዱ በቲቤት ተለየ። ይሁንና የእርሾው ዘመድ በምድሯ ቢገኝም ቻይና ላገርን ያገኘችው ከአውሮፓውያን ነው፤ የቺንግዳዎን ቢራ ፋብሪካ በ1903 የመሠረቱት ጀርመኖችና እንግሊዞች ናቸው።

ኢትዮጵያም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላትም። ጊዮርጊስ ቢራ አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን፣ በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን አካል የሆነው ቢጂአይ ገዛው። ከሐይቅ በደሴ በኩል ሲወረድ የሚገኘው የኮምቦልቻ ፋብሪካም የዚሁ ድርጅት ነው። የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች ደግሞ የኔዘርላንዱ ሃይነከን በ2011 ገዛ።

ሆፕስ በደንብ አድጎ ምርት ለመስጠት ረጅም የበጋ ቀን ስለሚፈልግ፣ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ በሚሆንባት ኢትዮጵያ በቀላሉ አይለማም፤ ከውጭ ይገዛል። የገብሱ ጉዞ ግን ተቃራኒ ነው። ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት መስሎ የሚታየውን ሻጋታ የሚቋቋም የዘር ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተወስዶ ወደ አውሮፓ የቢራ ገብስ ተዳቅሏል። አውሮፓውያን በሚጠጡት ላገር ውስጥ የአበሻ ገብስ ድርሻ አለ ማለት ነው፤ ይህን የሚያውቅ ጠጪ ጥቂት ነው።

ላገርን ከሚያበላሹት ዋነኛ ጠላቶች አንዱ ብርሃን ነው። የፀሐይ ጨረር የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገሮች ሰባብሮ ከድኝ ጋር ያገናኛቸዋል፤ ያኔ መጥፎ ሽታ ይመጣል። አረንጓዴ ጠርሙስ ጨረሩን እምብዛም አይከለክልም፤ ቡናማው ይሻላል። ከሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሣጥን፣ የየትም አገር ቢራ ቢሆን፣ ለቅምሻ አይሆንም።